ሰንበቴን ፍለጋ

ብዙነህ ከፖሊስ ከተባረረ ወዲህ የያዘው ሥራ ስም አልነበረውም። የጎባ ቀበሌ «የግል ሥራ» ብሎ መዝግቦት ነበር፤ ሰዉ ግን «ፈላጊው» ይለዋል። ባሏ ጥሏት የጠፋ ሴት፣ በቅሎው የተነዳችበት ገበሬ፣ ወንድሙ ለዘመቻ ተወስዶ ደብዛው የጠፋበት ሰው ወደ እሱ ይመጣል። እሱም ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ ብዙ ጊዜም ያገኛል። አጭርና ቀጭን ነበር። ድምፁ ለስላሳ፣ ኦሮምኛው ከአማርኛው የማይተናነስ ነበርና ሰዎች ሳያስቡት ብዙ ይነግሩታል።

በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዘይነዲን የሚባል የጊኒር ከብት ነጋዴ ቤቱ መጣ። ስልሳ የተጠጋ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። የቀረበለትን ሻይ አልነካውም።

«የወንድሜን ነገር ሰምተው ይሆናል» አለ።

ብዙነህ ሰምቶ ነበር። ያልሰማ ሰው አልነበረም። ማሜ ይባል ነበር፤ ከሮቤ ጊኒር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር። ከመስቀል በኋላ ሻያ ድልድይ ሥር ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ወዲያው ረዳቱ ለሜሳ ተያዘ። «በክሪክ ብረት መትቼ ገደልኩት» ብሎ ቃሉን ሰጠ ተባለ።

«ለሜሳ እንዲህ አያደርግም» አለ ዘይነዲን። «እኛው ቤት ያደገ ነው። አንድ ጊዜ ማሜን ወባ ሲጥለው አዝሎት ነው ሐኪም ቤት ያደረሰው። እንደዚያ ያለ ሰው በብረት አይመታም።»

«ታዲያ ከእኔ ምን ይፈልጋሉ?»

«አንዲት ሴት አለች፤ ሰንበቴ ትባላለች። ሮቤ፣ አሮጌው ገበያ ጀርባ ነው ቤቷ። ማሜ በመጨረሻው ቀን እሷ ዘንድ ነበር አሉ። ከሞተ ወዲህ ግን የለችም። እሷን ያግኙልኝ። ያየችውን ትንገረኝ፤ ወላሂ ሌላ ነገር አልፈልግባትም።»

ብዙነህ የሰውየውን ዓይን አየ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። እሺ አለው። ዘይነዲን ከሄደ በኋላ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። አንድ ያልጠየቀው ነገር እንዳለ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣለትም። ገብቶ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ።

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሮቤ ወረደ። የሰንበቴ ቤት በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ በገመድ ታስሯል። በስንጥቁ አሻግሮ ሲያይ ፍራሹ ተቀዶ ጭዱ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ሬዲዮኗ ግን መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠች ናት።

ጎረቤቷ ወለተ ማርያም የምትባል አረቄ የምትሸጥ ባልቴት ነበረች። ገና ሰላም ሲላት ዓይኗ ወደ መንገዱ ሄደ።

«ሌባ ገብቶባት ነው» አለች፣ ሳይጠይቃት።

«ሬዲዮኑን ትቶ የሄደ ሌባ ነው እንግዲህ።»

ብዙነህ አረቄ አስቀድቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ስለ ስንዴው ዋጋ፣ ስለ አዲሱ የመንደር ምሥረታ፣ ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ። ቆይቶ፣ «እማማ፣ ሰንበቴ ደህና ናት?» አላት።

«ደህና ናት። አጋርፋ ናት። እህቷ ታማባት ሄደች። ወፍራሙን ብርድ ልብሴን ተውሳ ወሰደችብኝ፤ ይሄው እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሳንቀጠቀጥ አድራለሁ።»

አጋርፋ በአውቶቡስ አጭር መንገድ ነው። ብርድ ልብስ የሚያስይዘው በክፍት የጭነት መኪና ላይ ሆኖ ብርዳሙን የሳነቴ አምባ ማቋረጥ ነው። ብዙነህ ይህን አሰበና ዓይኑን በክፍሉ ውስጥ አንሸራሸረ። ጥግ ላይ በቀርከሃ ዕቃ የተሞላ ማር አየ።

«የሐረና ጫካ ማር ነው አይደል?»

«የእሷ ነው። አደራ ብላኝ ነው። አጎቷ ባዳሳ ነው የሚያመጣላት፣ ከ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ከሪራ» አለ ብዙነህ በዝግታ፤ የሐረና ማር ወደ ከተማ የሚወጣው ከዚያች መንደር እንደሆነ ያውቃል።

«እኔ አጋርፋ ነው ያልኩህ» አለች ባልቴቷ። «ማንም ቢጠይቅህ አጋርፋ ነው ያለችው በል።»

ሲወጣ ባሕር ዛፉ ሥር አረንጓዴ ላንድሮቨር ቆሞ ነበር። አንድ ሰው መስተዋቱን በጨርቅ ይወለውላል። ብዙነህ ያቺን መኪና ጠዋት ጎባ መናኸሪያ አጠገብ ያያት መሰለው። አረንጓዴ ላንድሮቨር ብዙ ነው ብሎ ለራሱ ነግሮ አለፈ፤ ግን እርምጃው ፈጠነ።

ወደ ዶሎ መና የሚሄዱት የቡና መኪኖች የሚነሡት ከጎባ ነው። በሚቀጥለው ቀን አንዱ ላይ ተሳፈረ። ሾፌሩ ጉሉማ የድሮ ትውውቁ ስለነበረ ጋቢና አስቀመጠው። የከተማው መውጫ ኬላ ላይ ማንም ሰው የይለፍ ወረቀት ሳያሳይ አያልፍም። ብዙነህም ወረቀቱን አዘጋጅቶ ነበር። ፖሊሱ ግን ፊቱን አየና ገመዱን አወረደ።

«ይለፉ ጋሼ» አለው። «መልካም መንገድ።»

«ዛሬ ምን ነካቸው?» አለ ጉሉማ ማርሽ እያስገባ። «እኔን እንኳ አልፈተሹኝም።»

ብዙነህ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በፖሊስነቱ ዘመን ኬላ ላይ አንድ ሰው ሳይጠየቅ የሚያልፈው እንዲያልፍ ሲታዘዝለት ብቻ እንደሆነ ያውቃል።

መኪናው እያቃሰተ ሳነቴ ላይ ወጣ። ጉሙ ረጃጅሞቹን የጅብራ ተክሎች አንዴ ይሸፍናቸዋል፣ አንዴ ይገልጣቸዋል። አንዲት ቀይ ቀበሮ መንገዱ ዳር አይጥ ስትጠብቅ ቆማ መኪናውን ዘወር ብላ እንኳ አላየችም። ጉሉማ ደጋግሞ መስተዋቱን ይመለከት ነበር።

«ከኋላችን መኪና አለች» አለ። «ላሳልፋት ብዬ ብቆም እሷም ቆመች።»

ብዙነህ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አየ። ከጉም በቀር የሚታይ አልነበረም።

ሪራ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ሲቆለቆል የምትገኝ መንደር ናት። የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበረባት፤ ባዳሳ የካምፑ ዘበኛ ነው። ሽበታም፣ በትከሻው አሮጌ ጠመንጃ ያንጠለጠለ ሰው። ብዙነህ «ነጋ፣ አካም ጅርታ ኦቦ ባዳሳ» ብሎ ሰላም ሲለው የሰላምታውን መልስ ሰጠው፤ ከበሩ ግን አልተነቃነቀም።

«እዚህ ሰንበቴ የሚባል ሰው የለም» አለ።

«ስሟን ገና አልጠራሁም እኮ» አለ ብዙነህ።

ያን ጊዜ ከማብሰያው ቤት ጀርባ ሴት ልጅ ብቅ አለች። እጇ እስከ ክርኗ በሳሙና አረፋ ተነክሯል፤ የሠራተኞቹን ልብስ ስታጥብ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ተወው አጎቴ» አለች። «ሽማግሌ ናቸው። ሊገድሉኝ ቢመጡ ብቻቸውን አይመጡም ነበር።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ብዙነህ የሟቹ ወንድም እንደላከው ነገራት። እሷም ያየችውን ተናገረች፤ ብዙ ጊዜ ለራሷ ስትደጋግመው እንደቆየች ያስታውቃል።

«ማሜ ለፖሊሶቹ ዕቃ ይጭንላቸው ነበር። ኬላ ላይ ከሰው የሚወርሱትን ጨርቅ፣ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚገባውን፣ ጊኒር ወስዶ ያራግፍላቸዋል። እምቢ ማለት አይችልም ነበር፤ መንጃ ፈቃዱ በእጃቸው ነው። ኋላ ግን አንዲት ሴት ኬላው ላይ ዕቃዬን አልሰጥም ብላ ስትደበደብ አየ። ከዚያ ወዲያ አልጭንም አላቸው። ለበላይ አመለክታለሁም ብሎ ነበር። በዚያ ቀን ምሳ እየበላን ሳለ መንገድ ላይ ወዳቆመው መኪናው መጡ፤ እሱ ብቻ ወጣ፣ እኔን አላዩኝም። መቶ አለቃ አያና ራሱ ነው የመጣው፣ ከሁለት ሰዎች ጋር። ‹ና እንነጋገር› አለው፤ ትከሻውን አቅፎ፣ እየሳቀ። እጁን እንኳ አልታጠበም ማሜ። በአረንጓዴ መኪና ወሰዱት።»

«ለሜሳስ?»

«ለሜሳ ጎባ ነበር። ጎማ ሊያስጠግን ነበር የሄደው። አመሻሹ ላይ መጥቶ ‹ማሜ የት ሄደ?› ብሎ እኔን ነው የጠየቀኝ።»

መቶ አለቃ አያና የወንጀል ምርመራው ኃላፊ ነበር። ብዙነህ ጥሩ አድርጎ ያውቀዋል፤ ለአያና ምርመራ ያስተማረው ራሱ ብዙነህ ነው። እንዴት ምስክር እንደሚፈለግ፣ ሰው ሲሸሽ መጀመሪያ ወደ እናቱ ወንድም ቤት እንደሚሄድ ሁሉ ነግሮታል።

ሰንበቴ በቀሚሷ እጇን አደረቀች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ዘይነዲን ስሜን ከየት አመጣው?»

«ማሜ ነግሮት ይሆናላ።»

«ማሜ አልነገረውም። እኔ ክርስቲያን ነኝ። ቤተሰቡ ቢሰማ ስለሚጣሉት ደብቆኝ ነው የኖረው። በዓለም ላይ መኖሬን አያውቁም። የእኔንና የእሱን ነገር የሚያውቀው ለሜሳ ብቻ ነው።»

ለሜሳ ደግሞ ታስሯል። ጠያቂ አይገባበትም። ከለሜሳ አፍ አንድ ቃል ወጥቶ ከሆነ የሰሙት መርማሪዎቹ ናቸው። ብዙነህ ከሁለት ቀን በፊት ዘይነዲንን መጠየቅ ሲገባው ያልጠየቀው ነገር አሁን ገባው፤ ‹ማን ላከዎት?› የሚለውን ነበር። ከድንጋዩ ተነሣ። ኬላው፣ ባሕር ዛፉ ሥር የቆመችው መኪና፣ ጉም ውስጥ የተከተለቻቸው፣ ሁሉም አንድ ሆነ። ሰንበቴን የሚፈልጋት አያና ነው። ሊያገኛት ስላልቻለ ፈላጊውን ለቀቀባት።

«ሰንበቴ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ» አላት። «ሳላውቅ ነው። አሁን ተነሺ።»

መንገዱን ሊያይ ወጥቶ የነበረው ባዳሳ ከላይ ከመታጠፊያው እየሮጠ መጣ። ላንድሮቨሯ መታጠፊያው ላይ ቆማለች፤ ሰዎች ወርደው ወደ ካምፑ ያያሉ አለ። ሰንበቴ አልጮኸችም፤ ተነሥታ ቆመች።

«በጫካው የፈረስ መንገድ አለ» አለ ባዳሳ። «መና ድረስ እወስዳታለሁ። መሀመድአወል የሚባል ቡና ነጋዴ ወዳጄ አለ፣ እሱ ቤት…»

«አትንገረኝ» አለ ብዙነህ፤ ግን ሰምቶት ነበር።

እነሱ ወደ ቀርከሃው ሲገቡ እሱ ዳገቱን በእግሩ ወደ ላይ ጀመረ። በተቻለው መጠን ቀስ ብሎ ሄደ።

አያና መኪናዋን ተደግፎ ቆሟል። መልከ መልካም፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነው። ብዙነህን ሲያይ ቆቡን አነሣ።

«ጋሼ ብዙነህ! በዚህ ብርድ በእግር?»

«ሥራ ነዋ።»

«አገኘሃት?»

«ማንን?»

አያና ፈገግ አለ። አብረውት የመጡትን ሁለት ሰዎች በአገጩ ወደ ካምፑ ላካቸው። እስኪመለሱ ድረስ ሁለቱ ስለ ድሮ ባልደረቦች አወሩ፤ ማን እንደሞተ፣ ማን አዲስ አበባ እንደተዛወረ። ሰዎቹ የተመለሱት ባዶ እጃቸውን ነበር። አንዱ የሴት ቀሚስ ገመድ ላይ እርጥብ ሆኖ ማየቱን ተናገረ።

«ከቀናት በፊት ወደ ነጌሌ አልፋለች አሉኝ» አለ ብዙነህ። «ቀሚሱ የምግብ አብሳይዋ ነው።»

«አንተ ሰው አስዋሽተህ እውነቱን ታወጣለህ እንጂ ራስህ መዋሸት አትችልበትም» አለ አያና። «ግባ።»

ከኋላ በሁለቱ መሐል አስቀመጡት። አምባው አናት ላይ ሲደርሱ አያና መኪናውን አስቆመና ውረድ አለው። ንፋሱ ያፏጫል። የሰው ቤት የሚባል ነገር በዓይን አይታይም።

«ወደ ሥራህ ልመልስህ እችላለሁ» አለ አያና። «በማዕረግህ። ልጅቷ የት እንዳለች ብቻ ንገረኝ። የተፈረደበት የተፈረደበት ነው፤ አንድ ረዳት ለማዳን ብለህ ስንት ሰው ታጠፋለህ?»

«ገና አልተፈረደበትም።»

«ማሜም እንዳንተ ግትር ነበር» አለ አያና በትካዜ፣ ስለ ታመመ ወዳጅ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ አንደኛውን ሰው በዓይኑ ጠቀሰው። ሰውየው ከመኪናው ወንበር ሥር አንድ ብረት አወጣ።

ብዙነህ ልጆቹን አላሰበም፤ ጸሎትም አልመጣለትም። ያሰበው ባዳሳና ሰንበቴ እስካሁን የት እንደደረሱ ነበር። በዚህ መሐል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ከመና በኩል ቡና የጫነ መኪና ከጉሙ ወጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ከላዩ ብዙ ሰው ተሳፍሯል። ሾፌሩ ጉሉማን ያውቃልና ብዙነህንም ያውቀዋል፤ አንገቱን አወጣ።

«ጋሼ ብዙነህ፣ ተበላሸባችሁ እንዴ? ገመድ ልስጣችሁ?»

ከላይ የተጫኑትም ሰዎች እያዘነበሉ ሰላም አሉት። አንዷ አሮጊት «የእኔን በቅሎ ያገኙት እሳቸው ናቸው» ብላ ለጎረቤቷ ስታሳየው ተሰማ። ሰውየው ብረቱን ወደ ጀርባው አዞረ።

«አልተበላሸብንም» አለ አያና። «ሂዱ።»

ሾፌሩ ግን ነገሩ አላማረውም። «መንገዱ መጥፎ ነው፣ አብረን እንውረድ» ብሎ ላንድሮቨሯ እስክትነሣ ቆሞ ጠበቀ። እስከ ጎባም ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው። በዚህ ምክንያት ብዙነህ ሳነቴ ላይ አልቀረም። ጣቢያው እስር ቤት ገባ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ወጣት ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። እግሮቹ በጨርቅ ተጠቅልለው አብጠዋል። ስሙን ሲጠይቀው «ለሜሳ» አለ።

ብዙነህ ከሰንበቴ ጋር መገናኘቱን ሲነግረው ለሜሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ስሟን እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለ። «መግደሉን ‹አዎ› ካልኳቸው በኋላ እንኳ አልተዉኝም። ማን አየህ፣ ማን አየው አሉ። አላስቻለኝም ጋሼ። በሕይወት አለች?»

«አለች።»

ለሜሳ እጆቹን ከፊቱ አወረደ። ሲተነፍስ የቀለለው ይመስል ነበር።

ዘይነዲን የመጣው ብዙነህ ከታሰረ ሳምንት አካባቢ ሲሆነው ነው። ሩዝና ሥጋ በሳህን ይዞ ነበር። ዘበኛው ከሁለቱም ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። እስረኛ ጠያቂ ሲነጋገር ዘበኛ እንዲህ አይርቅም። ብዙነህ ነገሩ ገባው። እዚህ የሚነገረው ሁሉ በዘይነዲን በኩል አያና ዘንድ እንዲደርስ ታስቦ ነው።

«በገንዘብ ገዝተውሃል አሉኝ» አለ ዘይነዲን። ድምፁ ደረቅ ነበር። «ልጅቷን አግኝተህ ደበቅሃት አሉ። እውነት ነው?»

መጀመሪያ ሲመጣ «እርስዎ» ይለው የነበረው ሰው «አንተ» ብሎታል። ብዙነህ አልቀየመም።

«መጀመሪያ እኔ ልጠይቅዎት። ወደ እኔ ማን ላከዎት? የልጅቷንስ ስም ማን ነገረዎት?»

«መቶ አለቃ አያና። ‹ሕጉ እጄን አስሮኛል፣ አንድ የግል ሰው ልጠቁምህ› አለኝ። ከሰው ሁሉ እሱ ነው የረዳኝ። ቀብሩ ላይ መጥቶ አብሮኝ አልቅሷል። ቃሬዛውን በቀኝ በኩል የተሸከመው እሱ ነው።»

ብዙነህ ሰንበቴ የነገረችውን ሁሉ ነገረው። ድምፁን ሳያነሣ፣ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። ምሳውን፣ ትከሻውን ማቀፉን፣ ማሜ እጁን ሳይታጠብ መውጣቱን። ዘይነዲን ሳህኑን እንደያዘ ነበር። ሳህኑ አዘነበለ፤ ሩዙ በጠርዙ እየፈሰሰ እግሩ ላይ ወደቀ።

«ይህን ለምን አምናለሁ?» አለ።

«አይመኑኝ። ከእሷ ይስሙ። ሌላ አማራጭ የለኝም፤ ወይ እርስዎን አምናለሁ፣ ወይ ለሜሳ ይሞታል።» ብዙነህ ዘበኛውን አየ፣ ከዚያ አፉን ወደ ሽቦው አስጠጋ። «ዶሎ መና፣ መሀመድአወል ቡና ነጋዴው ቤት ናት። አሁን ሕይወቷ በእርስዎ እጅ ነው።»

ዘይነዲን ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠና ሳይሰናበት ሄደ። በግቢው ሲያልፍ አያና ከቢሮው ወጥቶ እጁን ዘረጋለት። ብዙነህ ከሽቦው ጀርባ ሆኖ አየ። ሁለቱ ተጨባበጡ። ዘይነዲን አንድ ነገር ተናገረ፤ አያና ራሱን ነቀነቀ። ምን እንደተባባሉ አይሰማም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙነህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ይመላለሳል። መኪና ሲነሣ ይሰማል፤ ወዴት አቅጣጫ እንደሄደ ጆሮውን ይጥላል። ለሜሳ «ነገርከው?» ሲለው «ነገርኩት» አለ። «ቢከዳንስ?» ሲለው ወደ ሽቦው ሄዶ ግቢውን ተመለከተ። የሰው ፊት አንብቦ የኖረ ሰው የአንድን ሐዘንተኛ ፊት ደጋግሞ በሐሳቡ እያየ፣ አንዴ ታማኝ አንዴ ከዳተኛ ያደርገው ነበር።

የቀጠሮው ቀን የገበያ ቀን ነበር። የፍርድ ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። ብዙነህንም የምርመራ ሥራ በማደናቀፍ ተብሎ ከለሜሳ ጋር አቀረቡት። አያና ከፊት ተቀምጧል፤ እግሩን አነባብሮ። ብዙነህ የአያናን ፊት አየ፤ የተረጋጋ ሰው ፊት ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ የለሜሳን ቃል አነበበ። ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ ከመነጽራቸው በላይ የሚያዩ ሰው ነበሩ። የሟች ቤተሰብ የሚለው ካለ ብለው ጠየቁ። ያኔ ከበሩ ግርግር ተሰማና ነጭ የለበሱ የጊኒር ሽማግሌዎች ገቡ። ከኋላቸው ሴቶች፣ ተከናንበው። ዘይነዲን ከመካከላቸው ወጣ።

«የሟች ታላቅ ወንድም ነኝ» አለ። «የወንድሜ ገዳይ ነው የምትሉትን ልጅ አልከስም። ምስክር አምጥቻለሁ።»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ ሻሿን ከፊቷ ገለጠች። ሰንበቴ ነበረች። የማሜ እናት በግራ፣ እህቱ በቀኝ እጆቿን ይዘዋታል። አያና የተነባበረ እግሩን አወረደ።

«ይህች ሴት ስትፈለግ የቆየች ተጠርጣሪ ናት» አለ ተነሥቶ። «አሁኑኑ ትያዝልኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወደ እሷ ለመድረስ በሽማግሌዎቹ መሐል ማለፍ ነበረበት፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ፈቀቅ አንልም አሉ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ብዙነህ የዳኛውን ፈሪነት ያውቅ ነበር፤ ስንት ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ አይቷቸዋል። በመስኮቱ የሞላውን ሰው ተመለከቱ። ከዚያ «መቶ አለቃ፣ ይቀመጡ። ትናገር» አሉ።

ሰንበቴ ተናገረች። መጀመሪያ ድምፏ አልወጣም፤ ዳኛው ሁለት ጊዜ ደግመሽ አሰሚ አሏት። ከዚያ ግን ጠራ። ትከሻውን ማን እንዳቀፈው ሲጠይቋት ጣቷን ዘርግታ አሳየች። ከጥግ አንድ ሰው ተነሣ። ቀነዓ ይባላል፤ ጎባ ላይ ጎማ ጠጋኝ ነው። እሱን ማንም አልጠራውም ነበር።

«ለሜሳ በዚያ ቀን እኔ ጋ ነበር» አለ፣ ባርኔጣውን እያሻሸ። «እስኪመሽ ድረስ። እስካሁን ያልተናገርኩት ልጆች ስላሉኝ ነው።»

ለሜሳ የተለቀቀው ወዲያው አይደለም፤ ወረቀቱ ወር ያህል ከቢሮ ቢሮ ዞረ። ብዙነህም አብሮት ቆይቶ አብሮት ወጣ። ብረቱን የያዘው ሰው ታሰረ። አያና ግን አልተከሰሰም። «ለሥራው አስፈላጊነት» ተዛወረ ተባለ፤ ወዴት እንደሆነ አልተነገረም። ብዙነህን ቀበሌው ጠርቶ ሌላ ሥራ ፈልግ አለው። ሰንበቴ ጊኒር ጥቂት ከረመችና ወደ ሮቤ ተመለሰች። የማሜ እናት በየገበያው ቀን ትመጣላታለች ይባላል፤ ሁለቱ ብዙ አይነጋገሩም፣ ዝም ብለው አብረው ይቀመጣሉ።

ሰኔ ላይ ዘይነዲን ወደ ብዙነህ ቤት ዳግመኛ መጣ። ዝናብ ይጥል ነበር። በዚህ ጊዜ ሻዩን ጠጣ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነበር» አለ። «አንተ ብዬዎታለሁ።»

«እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን ከዚያ የባሰ እናገር ነበር።»

ዘይነዲን ስኒውን አስቀመጠ። «አያና የት እንደተዛወረ አላወቅንም። የሚያውቅ ሁሉ አይናገርም። እርስዎ ግን ሰው ያገኛሉ።»

ብዙነህ ሻይ ደገመለት። «ካገኘሁት በኋላ ምን ያደርጋሉ?» አለ።

ዘይነዲን ዝናቡን አየ። መልስ አልሰጠም፤ ዝምታው ግን ግልጽ ነበር። የማሜን የልጅነት ፊት፣ ከእሱ ጋር ቃሬዛ የተሸከመውን የአያናን እጅ፣ ሁሉንም በዚያ ዝምታ ውስጥ ያሰበ ይመስል ነበር።

«እንግዲያው አልፈልገውም» አለ ብዙነህ። «አንድ ጊዜ ሰው ለማን እንደምፈልግ ሳልጠይቅ ፈልጌ አይቻለሁ።»

ዘይነዲን አልተቀየመም። ተነሥቶ ጨበጠውና በዝናቡ ወጣ። ብዙነህ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ወዲያው ደግሞ ተነሣ። አያና የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ከእስር በወጣ በሳምንቱ፣ ማንም ሳያዘው፣ ጠይቆ ደርሶበታል። ለማን እንደፈለገው ግን እስከ ዛሬ ለራሱም አልተናገረም፤ በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ማለቱንም አላቆመም።